ሳል የሌለው ቲቢም ይታሰብ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ቲቢ በሽታ በምታወጧቸው ጽሑፎች ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው እንዲመረመር ሁልጊዜ ትመክራላችሁ። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁንና ሳል ሳይኖር በአንገት ላይ በሚወጣ እብጠት ብቻ የሚገለጠው ቲቢ እየተዘነጋ በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የ19 ዓመት ወጣት በሆነችው የእህቴ ልጅ ላይ አምና ሰኔ ውስጥ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጣባት። አያማትም፣ አልቀላም፣ አያተኩስም ነበር። እናቷ «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» ብላ ጠበቀች። ባልጠፋ ጊዜ እዚሁ ጅማ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ታስል እንደሆነ ተጠየቀች፣ እንደማታስል ተናገረች፣ አሞክሳሲሊን ታዞልን ተመለስን። ይኸው ሦስት ጊዜ ተደጋገመ፤ አንገቷን በእጁ ዳስሶ ያየ ግን አልነበረም። መስከረም ሲጠባ እብጠቶቹ ሦስት ሆነው እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነበር። ከሰቃ የመጡ ዘመድ በጋለ ብረት የሚተኩስ ባህላዊ ሐኪም እንዳለ ነግረውን፣ እናቷም ተስፋ ከመቁረጥ የተነሳ ልትስማማ ጥቂት ቀርቷት ነበር። በኅዳር ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የዕጢ ቲቢ፣ ማለትም የንፍፊት ዕጢዎችን የሚያጠቃ ቲቢ መሆኑ ታወቀ።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ገጠመኝ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሦስት የቲቢ ታማሚዎች በአንዱ ገደማ በሽታው የሚገኘው ከሳንባ ውጭ ሲሆን፣ ከነዚህም መካከል በብዛት የሚታየው የዕጢ ቲቢ ነው። የአንገት እብጠት ሁሉ ቲቢ ነው ማለቴ አይደለም፤ የጥርስና የጉሮሮ ቁስለትም፣ ኤች አይ ቪም፣ ካንሰርም ዕጢን ያሳብጣሉ። በግምት መድኃኒት መደጋገም ቀርቶ ናሙና መወሰድ ያለበትም ለዚሁ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ፣ የቲቢ ባክቴሪያን የሚያጠና ላቦራቶሪ ያለው ተቋም በከተማችን እያለ ታማሚው ለወራት ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲመላለስ ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። አባቶቻችን በአንገት ላይ ወጥቶ፣ ፈንድቶ የሚያዠውን እብጠት ነቀርሳ ይሉት ነበር፤ የሳንባው ቲቢም የሳንባ ነቀርሳ ተባለ፤ ዛሬ ደግሞ ያው ቃል ለካንሰር ያገለግላል። ባለሙያው «የዕጢ ነቀርሳ ነው» ባለ ጊዜ እህቴ የሰማችው ካንሰር የሚለውን ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ስለዚህ ባለሙያዎችም እናንተም «የዕጢ ቲቢ» ብትሉ ብዙ ሰው ከከንቱ ድንጋጤ ይድናል።

ጎረቤቶቻችን የልጅቷን ብርጭቆ ለይተው ነበር። በሽታው በዕጢ ላይ ብቻ ከሆነና ሳንባን ካልነካ ግን በትንፋሽ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ሳንባዋም ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን ስድስት ወር ይወሰዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ነው። ከሁሉ ያስቸገረን ሕክምናው በተጀመረ በሁለተኛው ወር እብጠቱ ብሶ መታየቱ ነበር። መድኃኒቱ እንዳልሠራ ቆጥረን ልናስቆማት ስንል፣ ሰውነት በሞቱት ባክቴሪያዎች ላይ በሚያሳየው ምላሽ እብጠቱ ለጊዜው ሊጨምር እንደሚችል አንዲት ነርስ አስረዳችን። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ያን ያህል ባልተጨነቅን ነበር። ልጅቷ በግንቦት መድኃኒቷን ጨርሳ ትምህርቷን ቀጥላለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቤቱ ሲመጡ ስለ ሳል እንደሚጠይቁ ሁሉ ስለ አንገትና ስለ ብብት እብጠትም ቢጠይቁ፣ ክሊኒኮችም አንድ ዙር አንቲባዮቲክ ተወስዶ እብጠቱ ካልጠፋ ታማሚውን ናሙና ወደሚወሰድበት ተቋም ቢልኩ፣ የእህቴ ልጅ ያሳለፈቻቸውን አምስት ወራት ሌላ ልጅ አያሳልፋቸውም። ጋዜጣችሁም የዓለም የቲቢ ቀን በሚታሰብበት በመጪው መጋቢት 15 በሚያወጣው ጽሑፍ፣ ከሳሉ ጥያቄ ቀጥሎ «በአንገትዎ ላይ የማያም፣ የቆየ እብጠት አለ?» የሚለውን እንዲጨምርልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከጅማ