ሲሶይ የተባለው ደወል

ሞስኮ፣ ነሐሴ 12 ቀን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «በዚያ አገር አብያተ ክርስቲያናቱ እንዴት ተረፉ?» ብለው ሲጠይቁኝ በቅጡ ሳልመልስልዎ ቀርቼ ነበርና፣ በዚህ ሳምንት በዓይኔ ያየሁትን ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ስድስት ሆነን ከያሮስላቭስኪ ጣቢያ ተነሣን። እዚህ «ኤሌክትሪችካ» በሚሉት የሕዝብ ባቡር ውስጥ ሦስት ሦስት ሰው የሚይዙ መቀመጫዎች ፊት ለፊት ስለሚገጥሙ፣ እንደ አንድ ቤተሰብ ተያይተን፣ ፖም በባልዲ ከያዙ እናቶች ጋር እየተጫወትን ሄድን። በትልቅ አውቶቡስ ተጭኖ በአንድ ቀን አራት ከተማ ከመዞር ይህ እጅግ ይሻላል። ስለ ጾሙም አይስጉ፤ የእነሱ ጾመ ፍልሰታ ከእኛ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ስለሚገባ የጾም ምግብ አላጣሁም።

መጀመሪያ የወረድነው ከሞስኮ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሰርጊየቭ ፖሳድ ነው። ቅዱስ ሰርጊይ በ14ኛው መቶ ዘመን ከወንድሙ ጋር ጫካ ገብቶ በቅድስት ሥላሴ ስም ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የሠራበት ቦታ፣ ዛሬ ታላቅ ገዳም ነው። በኮሚኒስቶች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ተዘግቶ መነኮሳቱ ተበትነው ነበር፤ በ1930 ትልልቅ ደውሎቹ ከማማው ወርደው ተሰባበሩ፤ በሩ የተከፈተው በ1946 ነው። ከእኛ ጋር በቁርባን አንድ ስላልሆኑ ቆሜ አስቀደስሁ እንጂ አልቆረብሁም።

አባቴ ሆይ፣ እርስዎን አብዝቼ ያሰብሁዎት ግን በሮስቶቭ ነው። ይህች በኔሮ ሐይቅ ዳር ያለች ጥንታዊት ከተማ የ17ኛው መቶ ዘመን ደውሎቿን እስከ ዛሬ ጠብቃለች። ከሁሉ የሚበልጠው 32 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ያሠሩት ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) ዮና በአባታቸው ስም «ሲሶይ» ብለው ሰየሙት። በሩስያ ሥርዓት ደወሉ ራሱ አይወዛወዝም፣ ምላሱ ነው እየተሳበ የሚመታው። ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ነውና፣ በልጅነቴ ገና ሳይነጋ ቀስቅሰው ይዘውኝ ሄደው የድንጋዩን መረዋ ያስመቱኝ ጊዜ ትዝ ብሎኝ እንባዬን መግታት አልቻልሁም። ጓደኞቼም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ ጥቂት ሆኖ የመጓዝ ደግነቱ ይህ ነው።

ከዚያ ወደ ሞስኮ ተመልሰን በሌላ መስመር ወደ ቭላዲሚር ከተማ ስንሄድ፣ ስመ ጥሩው የሩስያ ሠዓሊ መነኩሴ አንድሬይ ሩብሊዮቭ እ.ኤ.አ. በ1408 በፍልሰታ ለማርያም ካቴድራል ግድግዳ ላይ ከሣላቸው ሥዕሎች የተረፉትን አየሁ። ሱዝዳል የምትባለው ጥንታዊት ከተማ ግን ባቡር ስለማይደርሳት በአውቶቡስ ገባን። የባቡር ሐዲዱ ትቷት ማለፉ አነስተኛነቷንና የጥንት መልኳን የጠበቀላት ይመስለኛል።

የሲሶይን ድምፅ በስልኬ ቀድቼ ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁና ታሰማዎት። እናንተም እሑድ መረዋው ሲመታ ቀድታችሁ ላኩልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ