የታሪክ ክበባችን እና የቤት ሼአን ጉዞ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ 19 አባላት ነበሩት። ሰኞ ሰኞ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን፣ ካርታ ሳልን፣ የግድግዳ ጋዜጣ አወጣን። ጋዜጣው አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አለ፤ ወላጆች፣ ስትመጡ እዩት። መናገር የምፈልገው ግን ስለ መጋቢቱ ጉዞ ነው።

«የሮማውያን ፍርስራሽ ለእኛ ልጆች ምን ይረባቸዋል?» ያሉኝ ነበሩ። እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቤት ሼአን እዚህ እስራኤል፣ በሰሜን በኩል ያለች ከተማ ናት፤ ያለችውም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። ሙቀቱ ሳይከብድ በጠዋት ደረስን። በሮማውያን ዘመን ስኪቶፖሊስ ትባል ነበር። ቲያትሯ ወደ 7,000 ሰው ይይዝ ነበር። ዛሬ ደህና ሆነው የቀሩት የታችኞቹ ረድፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ749 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራርሷታል። ልጆቹ የወደቁትን ዓምዶች በእጃቸው ዳሰሱ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ የድንጋይ መቀመጫዎች ጋማ ሲደርሱማ ማን ይመልሳቸው!

አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጃችን አያቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ክፍል ውስጥ አማርኛ ተናገር ሲባል አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነው። መድረኩ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ሳሙኤል ምዕራፍ 31 በአማርኛ እንዲያነብ ጠየቅሁት። ፍልስጥኤማውያን የንጉሥ ሳኦልን ሬሳ የሰቀሉበት የቤትሳን ቅጥር እዚያው ነው፤ ጥንታዊቷ ከተማ የነበረችበት ኮረብታ ከመድረኩ በስተጀርባ ይታያል። ልጁ ቀስ እያለ ጀመረ። ሬሳውን በሌሊት መጥተው የወሰዱት ሰዎች አገር ጋ ሲደርስ ዕብራይስጡ ቀደመውና «ያቬሽ» አለ። አያቱ ከላይኛው ረድፍ ሆነው «ኢያቢስ በል፣ ልጄ» አሉት። ማይክሮፎን የለም፤ ሁለቱም አልጮኹም። ግን አንዱ የሌላውን ቃል በቃል ሰማ። ደግሞ አነበበው፣ እስከ መጨረሻው።

አያቱ ሲወርዱ ኮረብታውን እያዩ «ቤትሳን ይህች ናት እንዴ?» አሉኝ። ጎንደር ሳሉ ቄሶቹ ሲያነቡ ስሟን ሰምተዋል። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖረው፣ የቅርቧ ቤት ሼአን ያቺው መሆኗን ያወቁት በዚያን ቀን ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። እኛም አልቸኮልንም።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ሰኞን ቀርቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ጉዞ አልተሳካም። ቂሳርያ ልንሄድ ነበር። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1961 የተገኘው እዚያ ቲያትር ውስጥ ነው። ልጆቹ ስለ ድንጋዩ ጽፈው ጨርሰው ነበር፤ የአውቶቡስ ገንዘብ ታጣ። ለስፖርት ውድድር አውቶቡስ ሲገኝ ለታሪክ የሚጠፋበት ምክንያት አይገባኝም።

በመጪው ዓመት ቂሳርያ መሄድ አለብን። የአውቶቡሱን ወጪ ማገዝ የምትችሉ ወላጆች ሰኞ ከሰዓት ክፍሌ ታገኙኛላችሁ። ለአያቶችም ወንበር እንይዛለን።