«የተሸነፈ ይደግፍ» ላላችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአሜሪካ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲ ዕጩውን በሚመርጥበት ውድድር) የተሸነፈ ሁሉ የፓርቲውን ዕጩ የመደገፍ ግዴታ አለበት በሚለው ርዕሰ አንቀጻችሁ አልስማማም። ግዴታው ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሪፐብሊካን ፓርቲ ተፎካካሪዎቹን «ማንም ያሸንፍ እደግፋለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ነበር፤ ጄብ ቡሽና ጆን ኬሲክ ፈርመው ሲያበቁ ትራምፕን አልደገፉም። በ2023 ፊርማው የክርክር መድረክ መግቢያ ተደረገ፤ ትራምፕ አልፈረሙም፣ ክርክሩን ዘለሉት፣ ዕጩነቱንም ወሰዱት። ሕጉ የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፦ እዚህ ቨርጂኒያ ለምክር ቤት ወንበር ተወዳድሮ በቅድመ ምርጫ የወደቀ ሰው ስሙ ለዚያው ወንበር በኖቬምበሩ ጠቅላላ ምርጫ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አይታተምም። ደግፍ ብሎ የሚያስገድድ ግን የለም።

መጠየቅ ያለበት የተሸነፈው ሰው ለድጋፉ ምን ተቀብሎ ምን አስረከበ የሚለው ነው። የዴሞክራቲክ ፓርቲን የ2008 ቅድመ ምርጫ ውሰዱ። ተሸናፊዋ ሒላሪ ክሊንተን ጁን 7 አሸናፊውን ኦባማን ሲደግፉ ዘመቻቸውን «ገታሁ» እንጂ «ጨረስኩ» አላሉም፤ እንዲህ ሲባል ልዑካኑ (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚሰይሙት ተወካዮች) በእጅ ይቆያሉ፣ ለዕዳ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰቡም ይቀጥላል። ዕዳው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ከፊሉን ያበደሩት ራሳቸው ናቸው። ኦባማ ትልልቅ ለጋሾቻቸውን አግዟቸው አሉ፤ እርሳቸውና ባለቤታቸውም የሕጉን ጣሪያ፣ እያንዳንዳቸው 2,300 ዶላር ሰጡ። ከዕዳው አንጻር የቡና ናት፣ ግን ታየች። ኦገስት 27 ዴንቨር ላይ በፓርቲው ጉባኤ፣ ግዛቶች በየተራ እየተጠሩ ድምፃቸውን ሲያሳውቁ ተራው ኒውዮርክ ሲደርስ፣ ክሊንተን ከልዑካኑ መካከል ሆነው ቆጠራው ይቅር፣ ኦባማ በአንድ ድምፅ ይሰየሙ ብለው ጠየቁ።

በርኒ ሳንደርስ በ2016 በክሊንተን ተሸንፈው ድጋፋቸውን ያዘገዩት አውቀው ይመስለኛል። የመጨረሻው ቅድመ ምርጫ ጁን 14 ነበር፤ ድጋፋቸውን የሰጡት ጁላይ 12 ነው። በዚያ መሀል የሰዓት 15 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ የፓርቲው መርሐ ግብር ውስጥ ገባ። እንደ እናንተ አስተሳሰብ በማግስቱ ቢደግፉ ኖሮ ለመደራደሪያ ምን ይቀርላቸው ነበር?

ወደ አሸናፊው የማይሸጋገረው የተሸናፊው ደጋፊ ነው። ጁላይ 22 የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሳንደርስን ሲያጣጥሉ የሚያሳዩ ኢሜይሎች ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ የፓርቲው ጉባኤ በተከፈተበት ፊላደልፊያ ሳንደርስ የገዛ ልዑካናቸውን ሰብስበው ክሊንተንን እንምረጥ ሲሉ፣ አዳራሹ በጩኸት ተቃወማቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ