ስለ አዋሽ ባቡር ጣቢያ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአዋሽ ሰባት ኪሎን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ስለ ባቡር ቅርስ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ለገሃር ነው። አለፍ ሲል ድሬዳዋ። አይፈረድም። እኔ የምጽፍላችሁ ግን በሁለቱ መካከል ስላለው፣ ባለመኪናው ዞር ብሎ ሳያየው ስለሚያልፈው ስለ አዋሽ ጣቢያ ነው።

መነሻውን ታውቁታላችሁ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ነው።

በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ ሐሩር ሆቴል የተሠራውም ለዚሁ ነው። ቡፌ ደ አዋሽ ከሐዲዱ ጥግ፣ ቡገንቪሊያ ከነአበባው የተጠመጠመበት ቤት ነው። አምባሳደሩም ነጋዴውም ወደደም ጠላም አዋሽ ያድራል። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረው ድሃ የት ጋደም እንዳለ ግን የሚነግሩን በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ወደ ስደት ሲሄዱ በዚሁ ሐዲድ ነው ያለፉት። በ1933 ጣሊያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ሄደ።

ከሁሉ የከፋው ጥር 5 ቀን 1977 ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ጋ ያለው ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባና ከሐዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ390 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ዓመቱ የድርቁ ዓመት ስለነበር ሐዘኑ በሌላ ሐዘን ተዋጠ።

ከ2009 ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለን፤ ደግ ነው። አሮጌውንስ?

የምጠይቃችሁ ሙዚየም አይደለም። ሙዚየም ሲባል በጀት ይመጣል፣ በጀት ሲባል ደግሞ «ለከርሞ እናየዋለን»። መጀመሪያ ለሰዎቹ ድረሱላቸው። ፈረንሳይኛን ሥራ ላይ የለመዱ፣ ሐዲድ የጠገኑ፣ ትኬት የቆረጡ ጡረተኞች አሉ። መቅረጫ የያዘ አንድ ባለሙያ ሄዶ ቁጭ ብሎ ቢያዳምጣቸው ይበቃል። እነሱ ካለፉ በኋላ ግድግዳው ቢቀባ ምን ዋጋ አለው?

ሐዲዱም ዘበኛ ይፈልጋል። ብረት በኪሎ በሚሸጥበት አገር «ቅርስ ነው» የሚል ሰሌዳ ብቻውን አያስጥልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጃችሁ ነው፤ ተጠቀሙበት።

በ1977 ያለቁትም ስማቸው በአንድ የድንጋይ ሰሌዳ ተጽፎ ጣቢያው ላይ ይቁም። ስማቸውን ለማሰባሰብ ቤተሰቦቻቸውን በሬዲዮ ጥሩ፤ ይመጣሉ።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ደርሷል። ጣቢያው የማን ነው በሚለው ላይ እናንተና እነሱ ተነጋገሩ። እኛን ግን «እነሱ ጋ ሂዱ» እያላችሁ አታመላልሱን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር