በሕይወት ሳለን ለምንረዳዳበት እድር የድጋፍ ጥሪ

አዲስ አበባ፣ ጀሞና አካባቢው የምንኖር አካል ጉዳተኞች የራሳችንን እድር አቋቁመናል። ዊልቸር የምንጠቀም፣ በክራንች የምንሄድ፣ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው አለንበት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችም አሉበት። ሁላችንም በየወሩ እናዋጣለን። አሁን ግን ከመዋጮአችን አቅም በላይ የሆነ ሥራ ጀምረናል፤ የዊልቸር መጠገኛ ቤት ልንከፍት ነው። እናንተ ዘንድ የመጣነውም ለዚሁ ነው።

እድር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ለቅሶ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ንፍሮው። በአገራችን ድሃም ሆነ ባዳ ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ያደረገው እድር ነውና ክብር ይገባዋል። ብዙዎቻችን ዛሬም የሰፈር እድር አባላት ነን። ችግሩ፣ ነባሩ እድር ሲደራጅ እኛን ያሰበ አልነበረም። ጡሩምባ ሲነፋ መስማት የተሳነው አባል አይሰማም፤ ስላልተገኘ ግን ቅጣት ይጻፍበታል። ሐዘኑ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ዊልቸር ተጠቃሚዋ ደረጃው ሥር ቁጭ ብላ ወደ ላይ የሚወጣውን ሁሉ "አጽኑልኝ" እያለች ትልካለች። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ቢሆንም ያማል።

ደግሞም የእኛ ክፉ ቀን ብዙ ጊዜ ከሞት በፊት ነው የሚመጣው። የምታለብሰንና የምታጥበን እህት ስትታመም። የሐኪም ቀጠሮ ደርሶ የሚኒባሱ ረዳት "ዊልቸሩ የሁለት ሰው ይከፍላል" ሲል፣ ወይም ጭራሽ ሳያቆም ሲያልፍ። የእኛ እድር የሚጠራው ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሲቸገር ለአስተባባሪዋ ያሳውቃል፤ እሷ ለዓይነ ስውራኑ ትደውላለች፣ መስማት ለተሳናቸው በስልክ ትጽፋለች። ከዚያ ተራ ይያዛል። አንዷ ምግብ ታደርሳለች፣ አንዱ መድኃኒት ይገዛል፣ አንዷ ታድራለች። ሰው ሲመዘገብ ምን እንደሚያስፈልገው ብቻ ሳይሆን ምን መስጠት እንደሚችልም ይጠየቃል። እስካሁን "ምንም የለኝም" ያለ ሰው አልገጠመንም። ከአልጋ የማይነሳ አባላችን የስልኩን ተራ ይቆጣጠራል። ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ቢደወልለት ያነሳል።

ይህን እድር እንድናቋቁም የገፋን አንድ ነገር አለ። ከእኛ መሀል ብዙዎቹ ቀድሞ መሀል ከተማ ነበሩ፤ ሰፈራቸው ለልማት ሲፈርስ ወደ ዳር መጡ። ለአካል ጉዳተኛ ሰፈር ማለት ከቤት በላይ ነው። እስከ ታክሲ የሚገፋው ልጅ፣ ውሃ የምታቀብለው ጎረቤት፣ ሒሳቡን ሳያጭበረብር ዕቃ የሚልክልህ ባለሱቅ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተበተኑ። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች የሚያዘው 5 በመቶ ለአንዳንዶቻችን ቤት አድርሶናል፤ እናመሰግናለን። ጎረቤት ግን ከቁልፉ ጋር አልተሰጠንም፤ እንደ አዲስ ማበጀት ነበረብን።

አሁን ወደ ጥገናው ልምጣ፤ ሸክማችን እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዊልቸር ቶሎ ያረጃል። ኮብልስቶኑ የፊት ጎማዋን በየስንጥቁ ይይዛታል፣ ኩሽኔታው ይፈጫል፣ ሹካው ይጣመማል። በእርዳታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠሩ ናቸው፤ ክብደታቸው ከባድ፣ ልካቸው ለሁሉም አንድ ነው። ሲበላሹ የሚያውቃቸው ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። ጎሚስታ ካላማዳሪያውን ይለጥፍልሃል፤ ፍሬኑንና የእግር ማሳረፊያውን ግን አይነካም። ስለዚህ በ50 ብር ቡሎን የሚድን ዊልቸር ጓሮ ተጥሎ ይከርማል፤ ባለቤቱም እንደዚያው ቤት ተዘግቶበት ይከርማል።

ከዚህ የባሰው የመቀመጫው ነገር ነው። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች ሕመም ስለማይሰማው ጠፍጣፋ ሸራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ቆዳው እየሞተ መሆኑን አያውቅም። ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከውስጥ ይጀምራል። ሲታይ አጥንት ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ከገባም ይገድላል። ይህንን የሚከላከለው ልክ ያለው ትራስና በየ15 ወይም 30 ደቂቃው ሰውነትን ከመቀመጫው ማንሳት ነው። ትራሱን ከወፍራም ስፖንጅ በልክ ቆርጠን መሥራት እንችላለን። መጠገኛ ቤቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ለዚሁ ሥራ ብቻ ይሆናል። ከሁሉም በላይ የምጓጓው ለዚህች ጠረጴዛ ነው።

ብየዳውን የሚሠራው መስማት የተሳነው አባላችን ነው፤ ብረታ ብረት ላይ የቆየ ሰው ነው። የጎማና የኩሽኔታውን ሥራ ዊልቸር የሚጠቀሙ ሁለት ወጣቶች እየተማሩ ነው። የምንሠራበት መሣሪያ ባለንበት ከፍታ ይሰቀላል፤ ጠረጴዛው ሥር ዊልቸር ይገባል።

ይህ ነገር ሌላም ቦታ ተሠርቷል። በአሜሪካ በርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ማዕከል አቋቁመዋል፤ ከሥራዎቹ ውስጥ ረዳት ማገናኘትና ዊልቸር መጠገን ይገኙበት ነበር። በአገራችንም ሕጉ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለዊልቸር እንዲመች አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 19 ላይ በማኅበረሰብ ውስጥ የመኖርና ረዳት የማግኘት መብታችንን ይናገራል። መብታችንን መጠየቅ አናቆምም። እስኪመለስልን ድረስ ግን የዛሬው ጎማ ዛሬ መጠገን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። መስማት የተሳናት አባላችን ምጥ ላይ ሆና የሚያስረዳት ሰው አልነበረም። አዋላጇ በጭምብል ተሸፍና ስለምትናገር ከንፈሯን እንኳ ማየት አልቻለችም። ወደ ቀዶ ሕክምና ስትገባ ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ልጇ ደህና ነው፤ እሷ ግን ያን ሌሊት እስካሁን አልረሳችውም። ስለዚህ ከምናሰባስበው ገንዘብ የተወሰነው ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አበል ይቀመጣል፤ ሌሊትም ቢሆን የሚጠራ አስተርጓሚ እንፈልጋለን።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ፣ የብየዳ ማሽን፣ ኮምፕሬሰር፣ ሙሉ የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ስፖንጅና የመለዋወጫ መግዣ። በገንዘብ ካልሆነላችሁ በዕቃ ስጡን። ባለ 24 ኢንች ጎማና ካላማዳሪያ ሁሌም ያስፈልገናል። መርካቶ የብስክሌት መለዋወጫ የምትነግዱ ወገኖቻችን፣ የምትተርፋችሁ ኩሽኔታ ለእኛ ትልቅ ነገር ናት። ቤታችሁ ጥግ ላይ የቆመ የእማማ ወይም የአባባ ዊልቸር ካለ፣ ቢሰበርም እንፈልገዋለን፤ ከሦስት ስብርባሪ አንድ ደህና ይወጣል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ፍራንክፈርትም ሆነ ዱባይ ያላችሁ፣ ለበዓል ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ሁለት የፊት ጎማ ጣል አድርጉልን። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ተራ ያዙልን፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ማንበብም መዋጮ ነው።

ገንዘብ በግለሰብ ስም አንቀበልም። የእድሩ ሒሳብ የሚንቀሳቀስበት የሦስት ሰው ፊርማ አለ፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዡ። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል። በየሦስት ወሩ ሒሳቡ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በምልክት ቋንቋም ይተረጎማል። ለጋሾች መጥታችሁ ብትሰሙ ደስ ይለናል። የሒሳብ ቁጥሩን ይህን ጥሪ ካደረሰላችሁ አባል ጠይቁ፤ በቴሌብርም በባንክም ይሆናል።

ገንዘቡ መግባት ሲጀምር መጀመሪያ የሚገዛው የብየዳ ማሽኑ ነው። አሁን ተሰብረው ቤት ያስቀሩን ዊልቸሮች ተመዝግበዋል፤ ወረፋው የሚጀምረው ከአከርካሪ ጉዳተኞች ነው። ትራስ የሚያስፈልገው ሰው ግን ወረፋ አይጠብቅም፤ እድርተኛ ሆነም አልሆነም፣ ከጀሞም ይምጣ ከሌላ ሰፈር፣ በመጣበት ቀን ልኩ ይወሰድለታል።