ጆንሰኗ ውሃ አስገብታለች

ይድረስ ለወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ጊዜው ሄደ። ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርደዋለህ። አሁን ግን የጨነቀኝ ነገር አለ። ጆንሰኗ ታማለች።

አዎ፣ ያቺው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራችው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር። «በዕድሜ ትበልጠናለች፣ አንቱ በላት» የምትለኝ። ሞተሯስ ምንም አልሆነ፤ ገመዱን አንዴ ስትስበው ዛሬም ትነሳለች። ችግሩ ታች ካምቢዮው ላይ ነው።

ሰሞኑን ዘይት ልቀይር ብዬ የታችኛውን ብሎን ፈታሁ። መጀመሪያ ዘይት አልወጣም። ጠብ ጠብ ያለው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲከርም ከታች ይዘቅጣል። ዘይቱ ቀጥሎ መጣ፣ ወተት የበዛበት ቡና መስሎ። ልቤ ድንግጥ አለ። ቶሎ ብዬ ማግኔት ሰደድኩበት። የያዘው የላመ ግራጫ ብናኝ ብቻ ነው፤ ስባሪ የለበትም። ብናኙ አያሰጋም፣ ጥርሶቹ ሲፋተጉ የሚመጣ ነው። ስባሪ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ለቅሶ ይሆን ነበር።

አሁን ምን እንደምትል አውቃለሁ። «አዲስ ዘይት ሙላና ሂድ።» በዚህ አልስማማህም። ውሃ የገባበት ዘይት ማርሹን በደንብ አያለሰልስም። ኩሽኔታው መዛግ ይጀምራል፣ ከዚያ ይቦረቦራል፣ ማርሹም ይከተላል። ብርድ በሚበረታበት አገር ደግሞ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የካምቢዮውን ቤት ይሰነጥቀዋል። የዚህችን ዘመን ቤት እንደ ልብ አታገኘውም። ስለዚህ ውሃው በየት እንደገባ ሳላውቅ ጀልባ ላይ አልሰቅላትም።

ፕሮፔለሩን አውጥቼ አየሁ። ከኋላው ዘንጉ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሟል። በጣም ቀጭን ነው፤ ወደ ብርሃን ካላዞርከው ጭራሽ አይታይም። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ክሩ ወደ ውስጥ እየሰረገ የኦይል ሲሉን፣ ማለትም ዘንጉን አጥብቆ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ ከንፈር ይበላዋል። እዚያ ቦታ ሲሎቹ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት፤ አንዱ ዘይቱን ይይዛል፣ ሌላው ውሃውን ይከለክላል። የውጭኛው የተበላ ይመስለኛል። ግን በጥርጣሬ ብቻ መፍታት አልፈልግም። የብሎኖቹ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሊሆንም ይችላል። ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለው ሲልም አለ። የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ላይ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበትም አትታመንም።

እና... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ያ የግፊት መለኪያ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕህ አሁንም አለ? ዘይቱን ካወጣን በኋላ አንዱን ቀዳዳ ደፍነን በሌላው አየር እንሞላለን። ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው) ይበቃል። ከዚያ ብዙ ካለፍን ደህናውንም ሲል ልናበላሸው እንችላለን። ዘንጎቹን ቀስ እያልን እያዞርን የሳሙና ውሃ እንቀባለን። አረፋ የሠራበት ቦታ ሌባው እሱ ነው።

«ጠፍቶ ከርሞ ዕቃ ፍለጋ መጣ» ትል ይሆናል። በል፣ ግዴለም። እውነቱን ልንገርህ፦ ፓምፑን ከሌላም ሰው መዋስ እችላለሁ። ያቺን ሞተር ያላንተ መክፈት ግን ከበደኝ። ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ የምትደረድረው አንተ ነበርክ።

ከፈታናት አይቀር የውሃ ፓምፑንም ጎማ እንቀይራለን። ስንገጥም የቁሙን ዘንግ ጥርሶች ግራሶ እንቀባለን፣ አናቱን ግን አንቀባም። እዚያ የተጠራቀመ ግራሶ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል። ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ነው የምንሞላው፣ አየሩ በላይኛው ቀዳዳ እንዲወጣ። ዘይቱ ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ የላይኛውን ብሎን እንዘጋለን። ከዚያ የዘይት መሙያውን አፍ ከታች ነቅለን የታችኛውን ቶሎ እንገጥማለን። ጓርኒሲዮኖቹን አዲስ ገዝቻለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ከዘይቱ ብሎን አጠገብ ያለችውን ባለመስቀል ጭንቅላት ብሎን እንዳትነካብኝ። ካቻቢቴ ከያዝክ እጅህ እንደማያርፍ አውቀዋለሁ! በብዙ ጆንሰንና እህቷ በሆነችው ኤቪንሩድ ሞተሮች ላይ ያቺ ብሎን የማርሽ መቀየሪያውን ከውስጥ ይዛለች። ከወጣች መቀየሪያው ይለቅና ካምቢዮውን መክፈት ግድ ይሆናል። ማርሽ ስታስገባም መለማመጡን ተው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ጠበቅ አድርገህ በአንዴ ነው የምታስገባው። እያባበልክ ስታስገባ የሚያያይዘው ቀለበት ጥርሱ ይዶለዱምና በኋላ ማርሹ እየተፈናጠረ ይወጣል።

ቅዳሜ ይመችሃል? ካልተመቸህ ቀኑን አንተ ቁረጥ። ፓምፑ ከጠፋብህም ባዶ እጅህን ና፤ እኔ ፈልጌ አገኛለሁ። ብቻ መምጣትህን ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ሲሎቹን እስከዚያ ላስመጣ።

ናፍቀኸኛል።

ወንድምህ