ሳልመልስልሽ ለከረምኩት ጥያቄ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ከመጨረሻው ደብዳቤሽ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ዝም ያልኩት ሳትናፍቂኝ ቀርተሽ ሳይሆን፣ «ልጄ ጥቂት ሮጥ ሲል ያለከልካል፤ ይህን ከእኔ ወርሶት ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ የሚበቃ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ሦስት ፎቅ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ ትንፋሽ እሰበስብ ነበርና፣ ምክር ለመስጠት ድፍረቱን አጣሁ።

ከፊሉ በእርግጥ የቤተሰብ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተካሄደውና ሄሪቴጅ በተባለው የቤተሰብ ጥናት፣ ወላጆችና ዐዋቂ ልጆቻቸው ለ20 ሳምንታት አንድ ዓይነት ሥልጠና ሲወስዱ፣ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከሰው ሰው እጅግ በተለያየ መጠን ጨመረ፤ ከዚህም ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከቤተሰብ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። የቤተሰብ ሲባል ግን ዘረመል ብቻ ሳይሆን አብሮ መኖርም ይጨመርበታል፤ እኔንም ያጽናናኝ ይኸው ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ በአሜሪካ፣ በፍራሚንግሃም ከ4 እስከ 7 ዓመት ባሉ ሕፃናትና በወላጆቻቸው ላይ የተደረገውና በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። እንቅስቃሴያቸው የተለካው በአፍ ምስክርነት ሳይሆን በሰውነታቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ ነበር። ንቁ ካልሆኑ ወላጆች ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ እናታቸው ንቁ የሆነች ልጆች ንቁ የመሆን ዕድላቸው 2 እጥፍ፣ አባታቸው ንቁ የሆነ 3.5 እጥፍ፣ ሁለቱም ወላጆች ንቁ ሲሆኑ ደግሞ 5.8 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ መያያዙን እንጂ ምክንያቱን አያረጋግጥም። ሆኖም የሰውነት ብቃትና እንቅስቃሴ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን አስተውያለሁ፤ የልቤንና የሳንባዬን ጉልበት ለልጄ ላወርሳት ወይም ላላወርሳት እችላለሁ፣ በየቀኑ ከቤት የመውጣትን ልማድ ግን በእጄ ይዤ ልሰጣት እችላለሁ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። ልጄን ዋና አስመዝግቤ፣ እርሷ ስትዋኝ እኔ ዳር ተቀምጬ እጠብቃት ነበር፤ ወራት አልፈው እርሷም መቀመጥን መረጠች። ከዚያ በኋላ በእግር አብረን መውጣት ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ወደ ፊት እየሮጠች፣ እየቆመች፣ እየተመለሰች ስታስቸግረኝ «ቀስ በይ፣ አብረን እንሂድ» እያልኩ እቆጣት ነበር። ልጆች በተፈጥሯቸው ለአጭር ጊዜ ሮጥ ሮጥ እያሉ የሚያርፉና በቶሎ የሚያገግሙ መሆናቸውን ስረዳ ግን ተውኳት፤ እኔ በአንድ እርምጃ እሄዳለሁ፣ እርሷ የእኔን መንገድ ሁለት ጊዜ ትመላለሰዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ ለዐዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የአንድ ምሽት ጉዟችን ለሁለታችንም ይቆጠርልናል። አሁን ሦስቱን ፎቅ ሳልቆም እወጣለሁ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፦ ከአንቺ ወርሶት ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን በዚህ ራስሽን አትውቀሺ። ማለክለኩ እረፍት ላይ ሳለ ጭምር የሚመጣ ወይም ሳል ያለበት ከሆነ ግን አስቀድመሽ ለሐኪም አሳዪው። ከዚያም ጫማሽን አድርገሽ አብረሽው ውጪ፤ እንዴት እንደሆናችሁም ጻፊልኝ፣ በዚህ ጊዜ መልሴ አይዘገይም።

የምትናፍቅሽ እህትሽ